በጣቴ የቆጠርኳቸው ፍየሎች

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሃያት ከናይሮቢ ሞያሌ መጥታ እኔ ቤት አረፈች። የተማረችው ኮምፒዩተር ነው፤ ሥራዋ ግን፣ እንደገባኝ ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩን ራሱን ማስተማር ነው። ከሻንጣዋ ውስጥ ከሰሃን ብዙም የማትበልጥ ድሮን አወጣችና ሶፋዬ ላይ አስቀምጣት «አክስቴ፣ ነገ ቡቲዬ መንደር ይዘሽኝ ትሄጃለሽ» አለችኝ። ድሮኗ ከላይ ሆና ፎቶ ታነሳለች፤ ፎቶውን ማሽኑ ያይና ስንት ፍየል፣ ስንት ግመል እንዳለ ቁጭ ያደርገዋል። ድርቅ ሲመጣ የት ምን ያህል መኖ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ለማወቅ ነው አለች። ፈቃዱንም ከሰርካሊ፣ ማለትም ከመንግሥት፣ አውጥታለች። እኔ ደግሞ መጠየቅ የማይሰለቸኝ ሰው ነኝ። ማሽኑ የተኛች ፍየልን ከድንጋይ በምን ይለያታል፣ ዛፍ ሥር የተጠለሉትንስ እንዴት ያያቸዋል፣ ቢሳሳት ማን ያርመዋል እያልኩ ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ አደረቅኋት።

«ሰዎቹንስ ጠይቃችኋል?» አልኳት በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«ከብታቸው ሊቆጠር መሆኑን ነዋ።»

«ከሰማይ እኮ ነው አክስቴ። ማንንም አንረብሽም፣ መቆጠራቸውንም አያውቁትም።»

ይህን ስትል ፊቴ እንደ እሳት ጋለ። ሃያት አሞኝ መስሏት ውሃ ልታመጣልኝ ተነሳች። አላመመኝም፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ዕፍረቴ ነው የመጣብኝ። ቁጭ በይ አልኳትና ነገርኳት። ለእናንተም ያንኑ ልንገራችሁ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ያን ጊዜም እዚሁ ማንያታ ሰፈር ነው፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ ከፊቱ አባቴ ጫማና ሽርጥ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ። አባቴ ሰይድ የወሎ ሰው ነው። በወጣትነቱ ከደሴ ተነስቶ እየነገደ እየነገደ ሞያሌ ደረሰ፤ ድንበሩን ተሻገረና ኬንያ በኩል ቀረ። ጫማውን ሸጦ ፍየል ይገዛል፣ ፍየሉን በሎሪ፣ በጭነት መኪና፣ ወደ ደቡብ ይልካል። እኛ ልጆቹ ቤት አማርኛ፣ ሰፈር ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት ስዋሂሊና እንግሊዝኛ እያወራን ስላደግን አንዱን ዓረፍተ ነገር በሦስት ቋንቋ ነበር የምንጨርሰው። እኔ በዚህ ነገር ማንም አይደርስብኝም ባይ ነበርኩ። በሂሳብም እንዲሁ። ልጅነት ከኩራት ጋር ሲመጣ መከራ ነው።

ያ ዓመት ቦናው፣ የበጋው ወራት ማለት ነው፣ አልወጣ ብሎ የበረታበት ነበር። ዛሬ እንደ ምንጣፍ የተዘረጋው አስፋልት ያኔ የለም። ወደ ማርሳቢት የሚወስደው መንገድ ድንጋይና ቀይ አቧራ ነው፤ ሎሪ ከወጣ በስንተኛው ቀን እንደሚደርስ ሾፌሩም አያውቀውም። አቧራው ዳቦ ውስጥ፣ ሻይ ውስጥ፣ ትራስ ውስጥ ይገባል። ማንዳዚ፣ የተጠበሰውን ሊጥ፣ ስንበላ ጥርሳችን ሥር ሲንቋቋ ስኳር ነው እያልን ራሳችንን እናታልል ነበር። በዚህ ላይ ከጎዶማ መንደር በኩል የፍየል በሽታ ገባ የሚል ወሬ መጣ። ፍየሏ መጀመሪያ ዓይኗ ያነባል፣ ቀጥሎ አፍንጫዋ ይደፈናል፣ ታስላለች፣ ያስቀምጣታል፤ በአምስት በስድስት ቀን ትሞታለች። የከብት ገበያው ተዘጋ።

አባቴ ደግሞ ያለውን ሁሉ ፍየል ላይ አውሎ፣ ሎሪ እስኪገኝ ብሎ ፍየሎቹን ቡቲዬ፣ አባ ጉዮ ዘንድ አስቀምጧቸው ነበር። አባ ጉዮ የቦረና ሽማግሌ ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ የበኩር ልጃቸው ጉዮ ስለሚባል ሰው ሁሉ የጉዮ አባት እያለ ነው የሚጠራቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ አባቴ ፍየሉን እሳቸው ጋ ሲያሳድር አንድ ቀን ጠፋ ጎደለ ተባብለው አያውቁም። አባቴ አስቀምጦኝ ነገሩን ሳይሸፋፍን ነገረኝ። ፍየሎቹ ካለቁ ሱቁ ይዘጋል፣ ጓዛችንን ጠቅልለን ወደ ደሴ እንመለሳለን፤ እኔም ደቡብ ሄጄ ኮሌጅ መግባቴ ይቀራል።

በዚያው ሰሞን አንድ የእንስሳት ሐኪም ከደቡብ ተላከ። ሙቱዋ ይባላል፤ እኛ ግን በስዋሂሊ ዳክታሪ፣ ሐኪሙ፣ ነበር የምንለው። ወጣት ነው፣ ቀጭን፤ በዚያ ሁሉ አቧራ መሃል ጫማውን በቀን ሦስቴ ይወለውላል። ኦሮምኛ አይሰማም፤ አስተርጓሚ ሲፈልግ አባቴ እኔን ሰጠው። ዳክታሪ እንዳስረዳኝ ለበሽታው ክትባት አለ፤ የሚላከው ግን በልክ ነው። በየመንደሩ ያለው ፍየል ተቆጥሮ፣ ቅጹ ተሞልቶ፣ ዓርብ በምትሄደው መኪና መድረስ አለበት። ከዓርብ ካለፈ ቀጣዩ መኪና መቼ እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም። ይህን የነገረኝ ሰኞ ጠዋት ነው፤ ወዲያው ወደ ቡቲዬ ሄድን።

አባ ጉዮ በር ላይ ቆመው ተቀበሉን። የቦረና ሰላምታ አይቸኩልም። ሰው ሰላም ነው ወይ፣ ልጆች ሰላም ናቸው ወይ፣ ከብት ሰላም ነው ወይ፣ እናንተ ጋ ደመና አለ ወይ ይባላል፤ የሁሉም መልስ «ነጋ»፣ ሰላም ነው። ቀጥሎ በጭስ በታጠነ ቅል ወተት መጣ። ያ ወተት ጭስ ጭስ ይላል፤ ካልለመዱት ይከብዳል፣ ከለመዱት ሌላ ወተት ወተት አይመስልም። ዳክታሪ አንዴ ጎንጨት አደረገና እስክሪብቶውን አወጣ።

«ፍየሎቹ ስንት እንደሆኑ ይጠይቃል» አልኩ በኦሮምኛ።

«አሉ» አሉ አባ ጉዮ።

ተረጎምኩለት። ዳክታሪ ቅጹን አሳየኝ፤ አሉ የሚል ቃል የሚገባበት ቦታ የለም።

«መቶ ይሆናሉ? ሁለት መቶ?»

«ፈጣሪ የሰጠንን ያህል ናቸው።»

እውነቱን ልናገር፣ ቦረና ከብቱን እየጠቆመ እንደማይቆጥር ሰምቼ አውቃለሁ። እነሱ መሃል አድጌ እንዴት አልሰማ። ግን መስማትና ነገሬ ማለት ለየቅል ናቸው። የድሮ ሰው አጉል እምነት ነው፣ በሽታው ደግሞ ቆሞ አይጠብቀንም አልኩ በሆዴ። ከበረቱ እሾህ አጥር አጠገብ አንድ ድንጋይ ነበር፤ እሱ ላይ ወጣሁና ጣቴን እየቀሰርኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ለዳክታሪ እንዲመቸው በስዋሂሊ ጀመርኩ። ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ፣ ኔ፣ ታኖ።

ሠላሳ አካባቢ ስደርስ ሰፈሩ ጸጥ ማለቱ ተሰማኝ። ስታልብ የነበረችው የአባ ጉዮ ባለቤት ቅሉን ይዛ ቆማለች። ልጆቹ ፊታቸውን አዙረዋል። አባ ጉዮ ቀስ ብለው መጡና የቀሰርኩትን ጣት በመዳፋቸው ሸፈኑት፤ የሕፃን እጅ ከእሳት እንደሚመለስ። ቁጣ አላሰሙም። «ፍየሎቹ ረፍዶባቸዋል፣ ግጦሽ ይወጣሉ» አሉና የበረቱን እሾህ አነሱት። ፍየሎቹ አጠገባችን አቧራውን እያቦነኑ አለፉ፤ እኛም ሄድን።

ከዚያ በደረስንባቸው ሦስት መንደሮች በረቱ ባዶ ነበር። ወሬው ከመኪናችን ቀድሟል። ዳክታሪ አንድ ቁጥር ያልሰፈረበት ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

አባቴ ሲመሽ እራት ላይ «ስንት ደርሰሽ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ።

«ሠላሳ ሦስት።»

«እንግዲያው ሠላሳ ሦስት ጊዜ ሰድበሻቸዋል» አለና ቻፓቲውን ቆረሰ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «እኔ ገበያ ላይ ዋጋ ስነጋገር አይተሽኝ አታውቂም? በጨርቅ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘን በጣት ነው የምንነጋገረው። ድፍን ገበያ ከቦን ቆሞ ማንም ምን እንደተባባልን አያውቅም። እዚህ አገር ሁሉም ነገር በአፍ አይወጣም፤ የሃያ ዓመት በር ነው በጣትሽ የዘጋሽብኝ» አለኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ከቡቲዬ የመጣ ሰው ሁለት ፍየሎች መሞታቸውን ነገረን። አንዷ የአባቴ ናት። ቀትር ሳይደርስ ገበያ ውስጥ «የሰይድ ልጅ በጣቷ ወግታ ገደለቻቸው» ይባል ጀመር። በሽታው እኔ ድንጋዩ ላይ ከመውጣቴ ከብዙ ቀን በፊት ውስጣቸው እንደገባ ዳክታሪ ነግሮኛል፤ አምኜዋለሁም። ግን አንዲት ሴት ስታየኝ ነጠላዋን ወደ ልጇ ፊት ሳብ ስታደርግ ሳይንሱ ምንም አላቀለለልኝም። ሱቁ ጀርባ ገብቼ የልቤ እስኪወጣ አለቀስኩ።

ሐሙስ ሲነጋ አባቴ ስኳርና ሻይ ቅጠል ጠቅልሎ ሰጠኝ። ይቅርታ ጠይቂ ወይም አትጠይቂ አላለኝም፤ ጥቅሉን ብቻ ሰጠኝ። ብቻዬን በእግሬ ቡቲዬ ሄድኩ። አባ ጉዮ በረቱ ጥግ ተቀምጠው የታመመች ፍየል አፍንጫ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጉ ነበር። ሽታው ከሩቅ ያንቃል። ሰላምታውን አንድም ሳላጎድል እስከ መጨረሻው ተባባልን፤ ከዚያ አጠገባቸው ተንበርክኬ ጭንቅላቷን ያዝኩላቸው።

«አጥፍቻለሁ አባ ጉዮ» አልኩ። «ጣቴ ነው የገደላቸው?»

«በሽታው ነው የገደላቸው» አሉ ከፍየሏ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ። «በአባቴ ዘመን ሰርካሊ መጥቶ ቆጠረን። ለናንተው ነው አለ። በዓመቱ ተመልሶ ይህን ያህል አላችሁ፣ ይህን ያህሉን አምጡ አለ። አባቴም ቁጥር ከአፋችሁ አይውጣ ብሎ አዘዘን። አንቺ ደግሞ መጣሽና በሬ ላይ ጣትሽን ቀሰርሽ። ቁጥሩ ወዴት እንደሚሄድ አልነገርሽኝም። ለምን እንደሚፈለግም አልነገርሽኝም።»

እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላዋቂዎቹ እነሱ ነበሩ የሚመስለኝ። ሰውዬው የጠየቁት ግን ዛሬ ሃያት ናይሮቢ ላይ የምትጠየቀውን ነው። መረጃው የማን ነው፣ ወዴት ይሄዳል፣ ማን ይጠቀምበታል። እኔ እንኳን ልመልሰው ራሴን ጠይቄው አላውቅም ነበር።

«መድኃኒቱስ ምንድን ነው?» አሉ ቀጥለው።

«በሽታው ራሱ ነው አሉ፤ ግን እንዲደክም ተደርጓል። ፍየሏ ደካማውን ታሸንፈዋለች። ኃይለኛው ሲመጣ ሰውነቷ ያውቀዋል።»

እጃቸው ጨርቁን እንደያዘ ቀረ። ነገሩ ደስ አላቸው፤ ፊታቸው ላይ አየሁት።

«ስንት ዓመት ታውቀዋለች?»

«አላውቅም።»

«ስትወልድ ግልገሏም ያውቀዋል?»

«አላውቅም አባ ጉዮ።»

«በጎቹስ?»

«እሱንም አላውቅም።»

ሳቁ። «ሰኞ ዕለት ግን የማታውቂው ነገር አልነበረም» አሉኝ። እኔም አላስቻለኝም፣ እንባዬ ሳይደርቅ አብሬ ሳቅኩ።

ከዚያ ሰኞ መናገር የነበረብኝን ተናገርኩ። መድኃኒቱ ደርቆ በትንሽ ጠርሙስ ይመጣል፤ አንዱ ጠርሙስ ለመቶ ፍየል ይበቃል። አንዴ ከተበጠበጠ ሁለት ሰዓት አይቆይም፣ የተረፈው ይደፋል። ካነሰ ደግሞ ያልደረሳቸው ፍየሎች ይሞታሉ። ዳክታሪ ቁጥሩን የፈለገው ለዚህ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም አልኩ። አባ ጉዮ ጨርቁን ጨመቁት። ፍየሏ ሁለት ሦስት ጊዜ አሳለች።

«ጠርሙሱን መቁጠር ማን ይከለክላል?» አሉ በመጨረሻ።

«ማንም አይከለክልም።»

«ለዚህ መንደር ሰባት ጠርሙስ ይምጣ። ከሰባተኛው የሚደፋው ጥቂት ነው።»

ስንት እንዳላቸው ድሮም ያውቃሉ፤ ከመቶ የሚያልፈውን የሚያንሰውን ሳይቀር በጭንቅላታቸው አስልተው ጨርሰዋል። እኔ ድንጋይ ላይ ወጥቼ የምጮኸው ለምን ነበር? አባ ጉዮ በትራቸውን አነሱና ፍየሏን ለባለቤታቸው አስረከቡ። በዚያ ፀሐይ ከመንደር መንደር አብረን ዞርን። በየበሩ ሰላምታው ሙሉውን ይባላል፤ ከዚያ እሳቸው ለምን እንደመጣን፣ ጠርሙሱ ለስንት እንደሚበቃ፣ የተረፈው እንደሚደፋ ያስረዳሉ። «አምስት ጠርሙስ» ይላል አንዱ። «እኛ ሁለት ይበቃናል፣ ከሁለተኛውም የሚተርፍ የለም» ይላል ሌላው። አንድም ሰው ስለ ፍየሉ ቁጥር ትንፍሽ አላለም። ጸሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ፣ ጫማዬ ተበጥሶ ነበር፤ ደስታዬ ግን ልክ አልነበረውም።

ዓርብ ጠዋት ወረቀቱን ለዳክታሪ ሰጠሁት። አንብቦ ግንባሩን ቋጠረ። «ቅጹ የሚለው የእንስሳት ብዛት ነው። ለናይሮቢ ምን ልበል?»

«የሚልኩልህ ፍየል ነው ወይስ ጠርሙስ?» አልኩት።

አየኝ፤ ወረቀቱን አየ። ከዚያ የብዛቱን ሳጥን ባዶውን ትቶ ጠርዙ ላይ የጠርሙሱን ብዛት ጻፈ። «ለዚህ የሚጠየቀው እኔ ነኝ» አለና ወደ መኪናው ሮጠ። ያ ሰው ያን ቀን ጫማውን ሳይወለውል ነበር የወጣው።

መድኃኒቱ በበረዶ ሳጥን በሁለተኛው ሳምንት ደረሰ። በየመንደሩ ሰው ፍየሉን ጆሮና ቀንዱን ይዞ ተሰለፈ፤ ዳክታሪ ይወጋል፣ እኔ የተወጋችውን ጀርባ በቀለም እቀባለሁ፤ አባ ጉዮ ጠርሙሱ ሲከፈት ጸሐይዋን እያዩ ፍጠኑ ይላሉ። ሰባተኛው ጠርሙስ ውስጥ የቀረው ከጣት ጫፍ አይበልጥም ነበር። ዳክታሪ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ። ሁሉም አልዳኑም፤ አስቀድሞ የያዛቸው ሞቱ፣ ከአባቴም ሞቱ። አብዛኞቹ ግን ቆሙ። ሐጋያው፣ ትንሹ ዝናብ፣ ሲጥል ገበያው ተከፈተ፣ ሎሪም ተገኘ። አባቴ ስለ ደሴ ማውራቱን ተወ፤ እኔም ኮሌጅ የምገባበት ቀን ተቆረጠ። የእንስሳት ጤና ልማር ነው ስለው «ሌላ ምን ልትማሪ ነበር» ብሎ ወደ ሱቁ ገባ፤ አባቴ ሲደሰት እንዲህ ነው።

ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ አባ ጉዮ ማንያታ ድረስ በእግራቸው መጡ። ግቡ ብንላቸው አልገባም አሉ። ከሱቁ ጎን ወዳለው ጥላ ጠርተውኝ ራሴን በእጃቸው ይዘው መረቁኝ። ከዚያ ጎንበስ አሉና ሁለት ቁጥር በጆሮዬ ነገሩኝ። አንደኛው የሞቱባቸው ፍየሎች ነው፤ ሁለተኛው የቀሩላቸው።

ደንግጬ ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ስትማሪ ያስፈልግሻል» አሉኝ። «መድኃኒቱ ባይመጣ ስንት ይሞቱብኝ እንደነበር መምህሮችሽን ጠይቂልኝና ንገሪኝ። እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ጠየቅኩላቸው። በመጀመሪያው ዕረፍት መጥቼ መምህሬ የገመተውን ነገርኳቸው፤ አንድ ከሰዓት ሙሉ ተቀምጠን ስንከራከርበት ዋልን። የግልገሎቹንም ጥያቄ መልስ አምጥቼ ነበር። ከተከተበች እናት የጠባ ግልገል ለጥቂት ወራት ይጠበቃል፣ ከዚያ ራሱ መከተብ አለበት ስላቸው «እንዲህ መሆን አለበት ብዬ ነበር» አሉ፤ ብለው ነበር ወይስ አልነበረም፣ አላህ ይወቅ። እኔም ሠላሳ ዓመት በዚሁ ሥራ ከበር በር ስዞር፣ ለምን ያህል ዓመት፣ ለግልገሉስ፣ ለበጉስ የሚለኝ አላጣሁም፤ የማላውቀውን አላውቅም ማለትም እያደር ቀለለኝ።

ሃያት ይህን ሁሉ ሰምታ ድሮኗን ወደ ሻንጣዋ መለሰቻት። በማግስቱ ባዶ እጇን ቡቲዬ ወሰድኳት። የአባ ጉዮ ልጅ ጉዮ ዛሬ እሱ ራሱ ሽማግሌ ሆኗል፤ ሰላምታው ብቻ ሻይ አስፈልቶ አስጠጣን። ስለ ማሽኑ ብዙ ጠየቃት። ፎቶው የት ይቀመጣል፣ ማን ያየዋል፣ ደምስሱት ብል ይደመሰሳል ወይ አላት። ገሚሱን መለሰች፣ ለገሚሱ ጠይቄ እመጣለሁ አለች። እሱም የመንደሩን ሰው ላማክር፣ እስከዚያ ግን ያቺ መሣሪያሽ የጠፋች ግመሌን ፈልጋ ታሳየኝ አላት። ዛሬ ጠዋት ሃያትና ጉዮ በቦዳቦዳ ሞተር ተያይዘው ወጥተዋል፤ ይህን ስጽፍ አልተመለሱም። ግመሏ ትገኝ አትገኝ አላውቅም። ብቻ የነገው ዘመን እንዲህ በር አንኳኩቶ የሚገባ ከሆነ እኔ በበኩሌ አልፈራውም።

ሃያት ስትወጣ ደፍ ላይ ቆማ «አክስቴ፣ ለመሆኑ አባ ጉዮ የነገሩሽ ቁጥር ስንት ነበር?» አለችኝ።

አባ ጉዮ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። ሁለቱንም ቁጥር አልረሳኋቸውም፣ ፍየሎቹም ዛሬ የሉም፣ ብናገረው የሚጎዳው ሰው የለም። ግን የነገሩት ለእኔ ነው። ለሃያት አልነገርኳትም፤ እዚህም አልጽፈውም።